ስፒል የበዛበት መንገድ

ካርታው የተዘረጋው ጨርቅ በሚቆረጥበት ጠረጴዛ ላይ ነበር። ልብስ ሰፊዋ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ፣ በከንፈሯ የያዘቻቸውን ስፒሎች እየመዘዘች መንገዱ ላይ ትሰካለች። ባለ ቀይ ራሱ ስፒል ክሊኒክ ነው፤ ሰማያዊው ጎማ የሚጠግን ሰው፤ ነጩ ደግሞ ዝናብ ቢመጣ የሚያስጠልል ጣራ።

ባሏ በሩን ተደግፎ ያያታል። ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ አንዲት ዶሮ እንኳ ያልገጨ ሰው ነው፤ ሰፈሩ «ቀስበቀስ» ይለዋል። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ የሚለምናት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በተጋቡ ሰሞን በብስክሌት የዞሩትን ያንን የሜዳ አገር ዳግመኛ አብረው እንዲዞሩት። እሷም እምቢ ብላው አታውቅም። «እሺ፣ ግን መጀመሪያ በደንብ እናቅድ» ትላለች። ታዲያ ዕቅዱ ሳያልቅ በጋው እያለቀ፣ ብስክሌቶቹ ላይ ሸረሪት አደራባቸው።

«ዛሬ የሰፈሩ ብየዳ ሠሪ ይመጣል» አላት። «ሁለቱንም ብስክሌት ልግዛ ብሎኛል። እኔም እሺ ብያለሁ።»

ስፒሏ ከንፈሯ ላይ ቀረች። «ምነው?»

«ደከመኝ። መንገዱ አይደለም ያደከመኝ፣ ዕቅዱ ነው።»

ጥግ ላይ ተቀምጣ ሸሚዝ ላይ ቁልፍ የምትተክለው ልጃቸው ሳቀች። «አባዬ እውነቱን ነው። እማዬ፣ እስቲ ራቅ ብለሽ እዪው። ይሄ ዙር ነው ወይስ የበግ አንጀት?»

«ሳቂ አንቺ! መሀል ሜዳ ላይ ደም ግፊቱ ቢጨምርበት አንቺ ነሽ የምትደርሺለት?»

እፎይ ማለት ነበረባት። ብስክሌቶቹ ከተሸጡ ከጭነት መኪና ሥር የሚገባ የለም፣ ቦይ ውስጥ የሚወድቅ የለም፣ ውሻ የሚነክሰው የለም። እንቅልፍ ካሳጣት ነገር ሁሉ በአንድ ከሰዓት ልትገላገል ነው። እፎይታው ግን አልመጣ አለ። በሱ ፈንታ የባሏ ጀርባ መጣባት።

ሜዳ አገር ዳገት የለውም ይባላል። ውሸት ነው፤ ዳገቱ ነፋሱ ነው። የሚያግደው ዛፍ፣ የሚሰብረው ጉብታ ስለሌለ ከአድማስ ተነሥቶ መጥቶ ደረት ላይ ያርፋል። ያኔ እሱ ፊት ፊት እየሄደ፣ «ከኋላዬ ተጠጊ፤ ነፋሱን እኔ ልብላልሽ» ይላት ነበር። ስለዚህ ከዚያ ጉዞ እርሻውንም፣ ቦዩንም፣ የባቡር ሐዲዱንም ብዙ አታስታውስም። የምታስታውሰው ላብ ጀርባው ላይ ያጣበቀውን ሸሚዝ ነው። ገና እጇ ሳይፈታ የሰፋችው ሸሚዝ ስለነበረ አንዱ ትከሻ ከሌላው ዝቅ ብሏል።

«አጣምሜ ሰፍቼልሃለሁ!» ብላ ጮኸችበት።

«ስፌቱ ደህና ነው፣ ትከሻዬ ነው ጠማማው!» አላት ዞር ሳይል።

በሳቅ ፔዳሉን ስታ ሣር ላይ ተዘረጋች። ወደቀች፣ ተነሣች፣ ቀሚሷን አራገፈች፣ ደግማ ሳቀች። ያን ጊዜ ክሊኒኩ የት ነው ብሎ ማን ጠይቆ ያውቃል?

ከጥቅልሉ ክር መዘዘች። የኮሌታ ዙሪያ እንደምትለካው አድርጋ፣ ክሩን በስፒሎቹ ሥር እያጠማዘዘች ካርታው ላይ አስተኛችና ዙሩ ሲገጥም ቆረጠችው። ሌላ ክር መዝዛ ደግሞ የድሮውን መንገድ ለካች፤ በቦዩ ዳር፣ በሐዲዱ ጎን፣ ተመልሶ ወደ ቤት። ሁለቱን ክሮች ጎን ለጎን ዘረጋቻቸው። የሷ ክር የድሮውን እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው።

«ወይ ጉዴ!» አለች። «ለክሊኒኩ ብዬ ወዲያ አዞርኩህ፣ ለጎማ ጠጋኙ ብዬ ትልቁ የመኪና መንገድ ላይ አወጣሁህ። ጭነት መኪና እየፈራሁ ጭነት መኪና ፍለጋ ነው እኮ የላክሁህ!»

ባሏ ጠጋ ብሎ አየ። «ይሄንንማ እንኳን በብስክሌት፣ በአውቶቡስም አልጨርሰው።»

ስፒሎቹን መንቀል ጀመረች። ጣራዎቹን ነቀለች፤ ዝናቡን ስታስብ እጇ ትንሽ ዘገየ። ጎማ ጠጋኞቹን ነቀለች። የመጨረሻው ቀይ ስፒል ላይ ስትደርስ ግን ቀና ብላ አየችው።

«ይቺን አልነቅልም።»

«ማን ንቀይ አለሽ? እኔም እፈራለሁ፤ አንቺ ብቻ ነሽ እንዴ ፈሪ?»

በሩ ተንኳኳ። ብየዳ ሠሪው ነው፤ ዓይኑ ስር ጥላሸት እንደያዘ ገባ። «እንደምን ዋላችሁ? እትዬ፣ ብስክሌቶቹን ልወስድ ነው የመጣሁት።»

ባሏ አፉን ከመክፈቱ በፊት ቀደመችው። «የሚሸጥ የለም።»

«እንዴ! ልጅቷ ልትነዳቸው ነው?»

«እኛ ነን የምንነዳቸው» አለች። «እኛ» የሚለውን ከገዛ አፏ ስትሰማው መነጽሯን አወለቀች።

ብየዳ ሠሪው ባልየውን አየ፣ ሚስትየዋን አየ፣ ሳቁን ዋጠ። «እንግዲህ መንገዱን ጨርቅ ያድርግላችሁ።»

«ከመጣህ አይቀር ፍሬኑን እይልን፣ የኔ ልጅ» አለችው ልብስ ሰፊዋ።

አንዱን ብስክሌት ጎትቶ ግቢ አወጣና ገልብጦ አቆመው። ጎማውን አሽከረከረ፣ ያዘ፣ ለቀቀ። «ደህና ነው።»

«የኋላውስ?»

«የኋላውም ደህና ነው፣ እትዬ።»

«ደግመህ እየው» አለች በላዩ ላይ ቆማ። ባሏ ሌላኛውን ብስክሌት አስጠግቶ፣ ሸረሪት ድሩን በእጅጌው ጠርጎ ጎማውን መንፋት ጀምሯል።