ከሥር የሚያይ ማሽን

ነዳጅ ማጣሪያው ውስጥ «ቀማሿ» ሲባል ማን እንደሆነች የማያውቅ የለም። የላቦራቶሪው ኬሚስት ናት። ድፍድፍ ነዳጅ ውስጥ የተደበቀውን ክሎሪን ስለምትለካ «ጨው ቀማሿ» ብሎ መጀመሪያ የሰየማት የገዛ ታላቅ ወንድሟ፣ ድፍድፉ ሞቆ የሚጣራበት ማማ ኃላፊ ነው። ስሙን ያወጣላት ሊያበሽቃት ነበር። እሷ ግን ወደደችው፤ ወንድምየው ከሰረ።

ክሎሪንን እንደ ደመኛ የምታየው ያለ ነገር አይደለም። ድፍድፉ ውስጥ የቀረ ጨው ምድጃ ሲገባ አሲድ ይወጣዋል፤ አሲዱ ደግሞ ማማው አናት ላይ ያሉትን ቧንቧዎች ከውስጥ ይበላቸዋል። ከውጭ ሲያዩት ቧንቧው ምንም አልሆነም፣ ቀለሙ እንኳ አልተላጠም። አምና አንዱ እንደዚያ አምሮበት ቆሞ ሳለ ፈነዳና የወንድሟን ግራ እጅ እስከ ክርኑ ለበለበው። አልጋው አጠገብ አልቅሳ ሲወጣላት ፊቷን ታጥባ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሄደች፤ ስፔክትሮሜትር የሚባለው መለኪያ ማሽን እስኪገዛ ድረስም መግቢያ መውጫ አሳጣችው።

የማሽኑ አሠራር ለሚያየው ቀላል ነው። ድፍድፉ ሥሩ ላይ ስስ ፕላስቲክ የተወጠረበት ትንሽ ኩባያ ውስጥ ይፈሳል፤ ማሽኑ ከሥር ኤክስሬይ ይልክበታል፤ ክሎሪን ካለ፣ ከሚሊዮን እጅ ጥቂት እንኳ ቢሆን፣ በራሱ ጨረር ይመልሳል። ድፍድፉ ውስጥ ያለው ድኝም ተቀራራቢ ጨረር እየላከ ሊሸፍነው ይሞክራል፤ ቀማሿ ግን ሁለቱን መለየት ከቻለች ቆይታለች።

የዚያን ቀን ጠዋት ከትልቁ ታንክ ናሙና መጣላት። ማማው ጥገና ላይ ስለነበር ድፍድፉ ታንክ ውስጥ ሳምንታት ተኝቷል፤ አሁን ወደ ማማው የሚገፋው ፓምፕ ሊነሳ የእሷን ቃል ብቻ ይጠብቃል። ለካች፤ ዝቅተኛ ነው። ለማረጋገጥ ያንኑ ኩባያ ሳትነካው ደግማ ለካች፤ ጨመረ። አሁንም ለካች፤ አሁንም ጨመረ።

ወንድሟ ስልኩን በእጁ ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

«እሺ ቀማሿ፣ ምን አለሽ?»

«በለካሁት ቁጥር ይጨምራል።»

«ማሽኑ አብዷላ! የመጀመሪያውን ያዢና እንገላገል፤ እሱ ጥሩ ነው።»

«ያበደማ አንዴ ይጨምራል፣ አንዴ ይቀንሳል። ይሄ መጨመር ብቻ ነው ሥራው፤ የሚለው ነገር አለው።»

«ፕላስቲኩን በላብሽ ነክተሽው ይሆናል። የጣት ላብም ጨው ነው እያልሽ ስንቴ ነው ያሰለቸሽን?»

ይቺ ነካቻት፤ ሊሆን ይችላላ። አዲስ ጓንት አጠለቀች፣ አዲስ ኩባያ ሞላች። ያው ሆነ፤ መጀመሪያ ዝቅ፣ ከዚያ ሽቅብ። ኩባያውን ወደ መስኮቱ አንስታ ሥሩን አየችው። ፕላስቲኩ ላይ ጥቃቅን ጠብታዎች እንደ ዶቃ ተደርድረዋል። ሳቋ መጣ።

«ውሃ ነው፣ ጋሼ። ጨዋማ ውሃ። ከዘይቱ ስለሚከብድ ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል፤ ማሽኑ ደግሞ የሚያየው ከሥር ነው።» ኩባያውን በጥብጣ ወዲያው ለካች፤ ቁጥሩ ወደ መጀመሪያው ተመለሰ።

«አየሽ? የመጀመሪያው ልክ ነበር!» አለ ወንድሟ ወደ በሩ እየዞረ።

«ለኩባያው ልክ ነው። ናሙናውን የቀዳችሁት ከየት ነው?»

«ከታንኩ አናት ነዋ፣ እንደ ወትሮው።»

«ወትሮ መርከቡ ባራገፈ ማግስት ነው የምትስቡት። ይሄ ሲተኛ ከርሟል። ፓምፑስ የሚስበው ከየት ነው?»

«ከሥር» አለ ወንድሟ። ኩባያውን አየ፤ ከዚያ በመስኮቱ ማዶ የቆመውን ታንክ። እሷ ግራ እጁን ነበር የምታየው። እርግጠኛ ነበረች፤ እንዲህ እርግጠኛ ሆና አታውቅም።

ስልኩን ደወለ። «ፓምፑን እንዳታስነሱ» አለ።

«ማሽኑ ምን አለ?» የሚለው የፓምፑ ተረኛ ድምፅ እስከ እሷ ድረስ ተሰማ።

«ማሽኑን ተወው። እህቴ ናት ያለችው።»

ሥራ ቦታ እህቴ ብሎ ሲጠራት ይሄ የመጀመሪያው ነው። ቀማሿ እንዳልሰማ ሆና ጓንቷን አወለቀች፤ ደስታዋ ግን ፊቷ ላይ ያስታውቅ ነበር።

አብረው ወረዱ። ወንድሟ የታንኩን ማፍሰሻ ከፈተ። ዘይት አልመጣም። ውሃ መጣ፤ ቢጠብቁ ቢጠብቁ ውሃ ብቻ።

«ይሄ ሁሉ ወደ እኔ ሊመጣ ነበር?» አለ።

«ወደ አንተ ነበር» አለችው። 

ወንድሟ ግራ እጁን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገ። ውሃው አልቆ ማፍሰሻው ጥቁሩን ድፍድፍ እስኪያወርድ ድረስ እንደዚያው ቆሙ።