የጎደለው ዩሪኤዝ

ቤዛዊት ባሕር አይታ አታውቅም። ያየችው ትልቁ ውሃ፣ ደሴ ስትሄድ በመኪና መስኮት አይታ ያለፈችው የሎጎ ሐይቅ ነው። ይሁን እንጂ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ቁጭ ብላ፣ ከኢንተርኔት በምታወርደው የጂን መረጃ የባሕር አልጌዎች ናይትሮጅን የሚያብላሉባቸው ኢንዛይሞች በየትኛው ዝርያ እንዳሉ፣ በየትኛው እንደሌሉ ስታጠና ሁለት ዓመት አለፋት። ግራና የሚኖሩት ገበሬ አባቷ አቶ ሞገስ፣ «ለካ ዩሪያ ማዳበሪያ ያጣነው ባሕር ውስጥ እየተበላ ኖሯል!» እያሉ ያሾፉባታል።

የምትኮራበት ግኝት አንድ ነው፦ አንዱ አልጌ፣ ዘመዶቹ ሁሉ ዩሪያ የሚሰብሩበት ዩሪኤዝ የሚባለው ኢንዛይም የለውም። አማካሪዋ ዶክተር ፍቅሩ ይህን ላገኙት ሰው ሁሉ አውርተውላታል። በዚሁ ልትመረቅ፣ በዚሁ ልትቀጠር ነው።

ጽሑፏን የምታቀርብበት ቀን ሲቃረብ፣ አባቷን ጠይቃ ስትመለስ መንገድ ተዘጋ፤ ኔትወርኩም አብሮ ጠፋ። መንገድ ላይ ባለችው መርሳ ከተማ፣ አክስቷ ጥሩወርቅ ቤት ቀረች። ሥራ ስትፈታ የቆዩ ፋይሎቿን ከፈተች። የዚያ አልጌ የጂን ፋይል የመጨረሻው መስመር መሃል ላይ ተቆርጧል።

ወዲያው ገባት። ኔትወርክ ብልጭ ሲል የተገኘውን መሻማት የወልድያ ሰው ልማድ ነው፤ እሷም በዚያ ሽሚያ ያወረደችው ግማሹን ኖሯል። ዩሪኤዝ የጎደለው ከአልጌው ሳይሆን ከፋይሏ ሊሆን ይችላል።

እንደገና እንዳታወርድ ኔትወርክ የለም። ብትናገር ምርቃቱም ቅጥሩም ይቀራል፤ ዝም ብትል ውሸት ነው። ቤቱ ጠበባት። መንገዱ እንዲከፈት ስትለምን የሰነበተች ልጅ፣ እንደተዘጋ ቢቆይ ብላ ተመኘች፤ በራሷም አፈረች።

«ምን ሆነሽ ነው ልጄ? መንገዱ እንደሆነ ይከፈታል» አሏት ጥሩወርቅ።

«እሱን ነው የፈራሁት፣ እትዬ።»

«እንግዲያው የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» ብለው ሳቁባት።

ደረሰም። በማግስቱ መንገዱ ተከፍቶ የመኪና ረዳት «ወልድያ! ወልድያ!» እያለ ሲጮህ ሰማች። እየፈራችም ተሳፈረች።

ጽሑፏን በምታቀርብበት አዳራሽ ውስጥ ዶክተር ፍቅሩ ከፈታኙ ጎን፣ ከፊት ወንበር ፈገግ ብለው ተቀምጠዋል። ቤዛዊት መድረኩ ላይ ወጣች።

«የለም ያልኩት ዩሪኤዝ ይኑር አይኑር አላውቅም። ፋይሌ ጎዶሎ ነበር።»

የአማካሪዋ ፈገግታ ከፊታቸው ጠፋ። እሷ ግን ከሰነበተባት ጭንቀት ለመጀመሪያ ጊዜ ተነፈሰች።

«መቼ አስተካክለሽ ትመለሻለሽ?» አሉ ፈታኙ።

«ኔትወርክ ሲከፈት።»

ፈታኙ እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው፣ ኔትወርክ ከጠፋ ወዲህ ያልጠራውን ስልካቸውን አዩ።