የደብረ ጽሙና ገመድና ውኃ

ይህን ታሪክ በመጀመሪያ የነገሩኝ፣ ዜማንም ትዕግሥትንም ያስተማሩኝ የኔታ ጥዑመ ልሳን ናቸው፤ እርሳቸው ከመምህራቸው፣ መምህራቸውም ነገሩን በዓይኑ ካየ አንድ አረጋዊ መነኩሴ እንደ ሰሙት ደጋግመው ይመሰክሩ ነበር። አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ ከጥንት ጀምሮ የሊቃውንትን ኅሊና ያስጨነቀ አንድ ጥያቄ አለ፤ በአንዲት ጥምቀት የተጠመቁ፣ አንዱን ወንጌል የሚሳለሙ ምእመናን በየስማቸውና በየአጥራቸው መለያየታቸው ለሃይማኖት ጤና ነውን ወይስ ደዌ? ጤና ነው የሚሉት፣ ተመልካች ያለው ወገን ከስሕተት ይጠነቀቃል፣ ተከራካሪ ያለው መምህርም መጽሐፉን አጥብቆ ይመረምራል ብለው ይሟገታሉ፤ ደዌ ነው የሚሉት ደግሞ፣ የተከፈለ አካል ለየትኛው ወገን ነፍሱን ያወርሳል ብለው ይመልሳሉ። እኔ አርባ ዓመት ሕፃናትን ያስተማርሁ ሰው ነኝ፤ አርባ አልሁ እንጂ የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት በመዝገብ ቤት ስላለፉ ሠላሳ ስምንት ማለት ይገባኛል፤ በእንዲህ ያለው ጥልቅና ረቂቅ ነገር ላይ ለመፍረድ ሥልጣንም ድፍረትም የለኝም። የምችለው በደብረ ጽሙና የሆነውን እንደ ሰማሁት ማቅረብ ብቻ ነው።

ደብረ ጽሙና ከተከዜ ቆላ በላይ ብቻውን እንደ ዓምድ የቆመ፣ ዙሪያውን በገደል የታጠረ አምባ ነው። ቁመቱን አርባ ክንድ ብዬ ጽፌ ነበር፤ የኔታ ግን ስድሳ ማለታቸውን አሁን አስታወስሁ። መውጫውም መውረጃውም አንድ ነው፤ ይኸውም ከበሬ ቆዳ ተልጦ የተጐነጐነ፣ በተሳፋሪው ወገብ የሚታሰር፣ ከላይ ባሉ መነኮሳት ክንድ የሚሳብ ረጅምና ወፍራም የጠፍር ገመድ ነው። ለእህል ስልቻ መሳቢያ የሚሆን ቀጭን ገመድ አጠገቡ ቢኖርም ሰው አይሸከምም፤ የተቀጠለና ቋጠሮ ያለበት ገመድም፣ ቋጠሮ በገደል መካከል ይፈታል ተብሎ፣ ሰው እንዳይወርድበት በሥርዓት የተከለከለ ነበር። ውኃውም እንደ መንገዱ አንድ ነው፤ ከአለት ከተፈለፈለ፣ የክረምት ዝናብ ከሚጠራቀምበት ዐዘቅት በቀር በአምባው ላይ ምንጭ የለም። ሴት ወደዚያ እንዳትወጣ ደግሞ ገዳሙን የመሠረቱት አባት የደነገጉት፣ ማንም ያልሻረው ትእዛዝ አለ።

በዘመነ መሳፍንት፣ ከጌታ ልደታት ቍጥር የተነሣ አገሩን ሁሉ ያወከው ክርክር ወደዚህ ከፍታ ወጣ፤ ማኅበሩም ልደቱ ሁለት ነው የሚሉና ልደቱ ሦስት ነው የሚሉ ተብሎ እኩል በእኩል ተከፈለ። የክርክሩን ምሥጢር በዚህ አልተነትንም፤ ብተነትነውም ከሁለቱ ወገን አንዱን ማስቀየሜ አይቀርም። ከጭቅጭቅ ወደ ዱላ እንዳይደርሱ የፈሩ ሽማግሎች፣ በብልኀቱ የተመሰገነ አንድ ዳኛ ከቆላው አስመጥተው ነገሩን ሰጡት፤ እርሱም ዐዘቅቱን ለሁለት ልደቶች፣ ገመዱን ለሦስት ልደቶች ፈረደና፣ «እርስ በርሳችሁ ስለምትፈላለጉ ተከባብራችሁ ትኖራላችሁ» ብሎ ወረደ። እውነቱን ለመናገር፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ፍርዱ ትክክል መሰለ። አንዱ ወገን ሌላውን ለመርታት ሲል ሌሊቱን በመጻሕፍት ላይ አነጋ፤ ብራና ፋቂዎች ሥራ በዛባቸው፤ ለዘመናት አቧራ የለበሱ ድርሳናት ተገለጡ፤ ከሩቅ አገር የመጡ ተማሪዎችም እንዲህ ያለ የተሳለ አንደበት ከዚህ በቀር የት ይገኛል አሉ። መከፋፈልን የሚያመሰግን ሰው ያን ዘመን ቢያይ ኖሮ ክርክሩን በዚያው በፈጸመ ነበር።

ነገር ግን በሰባተኛው ዓመት፣ በኅዳር ወር፣ በአንድ የበዓል ማዕድ ላይ ከገመዱ ወገን የተወረወረች ዘለፋ የመምህር ዘወንጌልን ልብ አቈሰለች። መምህር ዘወንጌል የዐዘቅቱ ወገን አለቃ፣ በእውቀት የመጠቁ፣ በይቅርታ የዘገዩ አባት ነበሩ። የጠፍር ገመድ በየወሩ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ውኃ ውስጥ ካልተዘፈዘፈ፣ ከዚያም በሞራ ካልታሸ እንደማይለሰልስ ሁሉም ያውቃል፤ እርሳቸው ግን፣ «ለጥማታችሁ እንሰጣለን፤ ለገመዳችሁ ግን አንዲት ቅል አንሰጥም» ብለው አወገዙ። የገመዱ ወገን አለቃ አባ ኪሮስም፣ በግርማቸው እንደ ዋርካ የሚታዩ፣ ልመናን እንደ ሞት የሚፈሩ ሰው ነበሩና፣ ሁለተኛ አልጠየቁም። የሚወርድም የሚወጣም ባይኖር፣ ገዳማውያኑ ለሱባኤ ተዘግተዋል ተብሎ ለመንደሩ ተነገረ።

በግንቦት ወር መጨረሻ አራት ጐረቤቶች በቃሬዛ የተሸከሟት አንዲት አሮጊት ከገደሉ ሥር ደረሰች። ስሟ ወለተ ሐና ነበረ፤ እግሯና ሆዷ አብጦ፣ ትንፋሿ አጥሮ፣ ሁለት ቀን ተጕዛ የመጣችው ከመሞቷ በፊት አንድ ልጇን ለማየትና ከእጁ መስቀል ለመሳለም ነው። ልጇ አባ ሐራ ድንግል ከዐዘቅቱ ወገን የሆነ፣ የሠላሳ ዓመት ጐልማሳ፣ በጾምና በዝምታ የታወቀ መነኩሴ ነው። መምጣቷን ሰምቶ እየሮጠ ወደ ገደሉ አፍ ሲደርስ፣ እርሷ ገና ሳታየው በኮቴው ዐወቀችውና በሕፃንነት ስሙ ጠራችው።

«ጓሉ! መነኮስህ ቢሉኝ ደንቈሮም የሆንህ መስሎኝ ነበር፤ ስንት ጊዜ ልጣራ?»

«እምዬ፣ አለሁ። እንዴት አደረሰሽ መንገዱ?»

«እነዚህ ልጆች እንደ ጤፍ ጆንያ ሲጥሉኝ ሲያነሡኝ ከረሙ። ድምፅህ ከስቷል፤ አያበሉህም እንዴ? በል ውረድና ልይህ።»

አባ ሐራ ድንግል ወደ አባ ኪሮስ ዞሮ በግንባሩ ተደፋ፤ ገመዱንም ለመነ። አባ ኪሮስ ገመዱ የተጠቀለለበትን ጐጆ ከተመለከቱ በኋላ፣ ልደቱ ሦስት ነው ብሎ በጉባኤ ፊት ላልመሰከረ ሰው ገመዱ አይዘረጋም አሉ። ቃሉ ወደ ታች ሲደርስ አሮጊቷ በክንዷ ተደግፋ ቀና አለች።

«አንቱ ገመዱን የያዙ አባት! ሁለት ይሁን ሦስት የምቈጥርበት አእምሮ የለኝም። እኔ የማውቀው የዚህን የልጄን ልደት ነው፤ ሁለት ቀን ሙሉ አምጬበታለሁ። እሱን ይቍጠሩልኝና ያውርዱት!»

ከሁለቱም ወገን የነበሩ ወጣት መነኮሳት ፊታቸውን በቀሚሳቸው እጅጌ ሸፍነው ሳቁ፤ በሰባት ዓመት ውስጥ በአንድ ነገር አብረው የሳቁት ያን ቀን ብቻ ነው ይባላል። አባ ኪሮስ ግን አልሳቁም፤ «እናቴ፣ ሥርዓት ነው፤ አንድ ቃል ይናገር» ብለው ከገደሉ አፍ ራቁ።

ከዚያ በኋላ አባ ሐራ ድንግል ሁለት ቀን — የኔታ ሦስት ያሉበትም ጊዜ አለ፤ ሁለት ማለታቸው ግን ይበዛል — ከአንዱ አለቃ ወደ ሌላው ሲመላለስ ዋለ። በስተ ምሥራቅ ገደል፣ በስተ ምዕራብ ገደል፣ በግራው ገመዱን የከለከሉት፣ በቀኙ ቃሉን የከለከሉት፤ በመካከል የቀረችለት ምድር ከጸሎት ምንጣፍ አትሰፋም ነበር። ወደ መምህር ዘወንጌል ገብቶ ፈቃድ ሲለምን፣ «ቃሏ አጭር ናት፤ ያን ቃል ያወጣ አፍ ግን ከዚህ ዐዘቅት አይጠጣም» አሉት።

«አባቴ፣ እናቴ ናት።»

«እኔም እናት ነበረችኝ፤ ስትሞት እዚሁ ነበርሁ።»

«እንግዲያው ያውቁታል ማለት ነው» አለ ሐራ ድንግል። መምህሩ የመጽሐፋቸውን ገጽ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እስከ ሠርክ ሳይገልጡት ዋሉ።

በማግሥቱ ረፋድ፣ ከታች የሚሰማው ጥሪ እየሰለለ በሄደ ጊዜ፣ አባ ሐራ ድንግል ሁለቱም ወገኖች በተሰበሰቡበት ከገደሉ አፍ ላይ ቆሞ፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የካደውን ቃል ከፍ ባለ ድምፅ ተናገረ፤ «ልደቱ ሦስት ነው!» አለ። የገዛ ወንድሞቹ ወዲያው ጀርባቸውን ሰጡት፤ አንዱም የውኃ ቅሉን ከመሬት አንሥቶ ደፋበት። እርሱ ግን ወደ ኋላው ሳይመለከት ገመዱ በወገቡ እንዲታሰር ሁለት እጆቹን አነሣ። አባ ኪሮስ ከቆሙበት አልተንቀሳቀሱም።

«ምን ይጠብቃሉ አባቴ? ተናገርሁ እኮ። ድምፄ ካነሰ ልድገመው?»

«ሰምቼሃለሁ፤ አትድገመው» አሉ አባ ኪሮስ። ከዚያም ያ ሁሉ ግርማቸው እንደ ክረምት ግድግዳ ተናደና በድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ የገመዱን ጫፍ አምጡልኝ ብለው በሁለት እጃቸው ቢያጥፉት፣ ጠፍሩ እንደ ባቄላ አገዳ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። «ሰባት ወር ውኃ አላየም። ከልመና ዝምታን መረጥሁ። ቃሉን እንደማትናገር ዐውቅ ነበርና፣ ገመዱ መድረቁን በአንተ ጽናት ሸፍኜ መኖር የምችል መሰለኝ። ልጄ፣ በእምነትህ ላይ ተማምኜ ነበር።»

አንባቢ ሆይ፣ የዚህን ሰው እስራት መዝነው፤ ወገኑን ስለ እናቱ ሰጠ፣ እናቱን ግን አላገኘም፤ የተወው ደጅ ከኋላው ተዘግቷል፣ የተከፈተለት ደጅም ወደ አየር የሚያወጣ ነው። የዐዘቅቱ ወገን ሽማግሎች ወዲያው ጉባኤ ተቀመጡ፤ ገመዱን ለመዘፍዘፍ ውኃ መስጠት ከመናፍቅ ጋር መተባበር ይሆናልን ወይስ አይሆንም በሚል ነገር ሁለት ቀን ተከራከሩ። ክርክሩ በእውነት ያማረ ነበር፤ ከሁለቱ ቀን በአንዱ ብቻ አሥራ ሰባት ጥቅስ እንደ ተጠቀሰ፣ ከተጠቀሱትም አንዱ እንኳ በስሕተት እንዳልተነበበ የኔታ እያዘኑ ነግረውኛል። በሦስተኛው ቀን ጧት መምህር ዘወንጌል ከጉባኤው መካከል ተነሥተው ሄዱ፤ በእጃቸው ቀድተው፣ በሽማግሌ ትከሻቸው ተሸክመው የመጀመሪያውን እንስራ ወደ ገመዱ ጐጆ አደረሱ። አባ ኪሮስ በሩ ላይ ቆመው ተቀበሏቸው፤ አንዱም ለሌላው ይቅር በለኝ አላለም፤ ምናልባት ሁለቱም ያን ቃል ከመጀመሪያው እንስራ ጋር ሊያፈሱት አልደፈሩ ይሆናል። ተጨማሪ ቆዳም በቀጭኑ ገመድ ከመንደር ተሳበ፤ ሰባት ወር የደረቀ ጠፍር ግን በአንድ ቀን አይለሰልስም፤ የተሰበረውን ጠፍር አውጥቶ በአዲስ መጐንጐንም ጊዜ ይጠይቃል።

ውኃው በተሰጠበት ቀን ሐራ ድንግል ሆዱን በገደሉ አፍ ላይ አስደግፎ ተኝቶ ከእናቱ ጋር ተነጋገረ። ልትሳለመው የመጣችውን መስቀል በቀጭኑ ገመድ አወረደላት፤ እርሷም በከንፈሯ ነክታው፣ «ብረቱ ቀዝቃዛ ነው፤ እጅህ አብሮት ቢመጣ ይሞቅ ነበር» አለች። በዚያው ቀን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ዐረፈች። የመንደሩ ሰዎች ከገደሉ ሥር ባለችው ሜዳ መቃብር ሲቈፍሩ ቄሳቸው በሩቅ ገበያ ነበርና፣ ወደ አምባው ቀና ብለው ፍትሐት ለመኑ። ሁለቱም ወገን ከገደሉ አፍ ላይ ቆሙ፤ የፍትሐቱ መጽሐፍ በሁለቱም ዘንድ አንድ ነው፤ ዜማውም አንድ ነው፤ ማን ይምራ በሚለው ግን አልተስማሙምና፣ ሁለት መሪዎች በአንድ ጊዜ ጀመሩ። ቃላቱ በአየር ላይ እየተጋጩ ወረዱ፤ ከታች አካፋ ይዘው የቆሙት ሰዎች ጸሎት መሆኑን እንጂ ምን እንደሚል አልሰሙም። በመካከላቸው ቆሞ የነበረው ልጅ ብቻ አፉን ዘግቶ ቀረ።

ገመዱ ውኃ ባየ በዘጠነኛው ቀን ደረሰ። ሐራ ድንግል የመጀመሪያው ተሳፋሪ ሆነ፤ ሲወርድም ገመዱን የሁለቱም ወገን እጆች ያዙት፣ ምክንያቱም በአዲሱ ጠፍር አንዱ ወገን ብቻውን አልተማመነም ነበር። ከመቃብሩ አጠገብ ጐጆ ቀልሶ ዕድሜውን በዚያ ፈጸመ፤ ስለ ልደታቱ ቍጥር የጠየቀው ሁሉ ከእርሱ መልስ አላገኘም፤ ወደ አምባውም ዳግመኛ አልወጣም። በሞተ ጊዜ ግን አንዱ ወገን በገደሉ አፍ ያሰማውን ምስክርነት ጠቅሶ፣ ሌላውም ልቡ አልካደም ብሎ፣ ሁለቱም በየመዝገባቸው የኛ ነው ሲሉ ጻፉት። የኔታ ይህን ሲነግሩኝ የሃያ ዓመት ወጣት ነበርሁ፤ ጻፈው አሉኝ፤ እኔ ግን የአንዱን ወገን ፊት ፈርቼ፣ ቀጥሎ የሌላውን ፈርቼ፣ ሃምሳ ዓመት ዘገየሁ። ፈራሁ ማለትም አይበቃም፤ ሁለቱም እንዲወዱኝ ፈልጌ ነበር ማለት ይሻላል። ዛሬ ዓርብ — አይደለም፣ ቅዳሜ ነው — የካቲት አሥራ አንድ ቀን ሁለት ሺህ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ በቤቴ ተቀምጬ ጽፌ ጨረስሁት፤ ወንድሙ እንዳይወጣ በር የዘጋ ሰው፣ መክፈቻው በእጁ እያለ እርሱም ከውስጥ ይቀራል።