ሃያዎቹ መንትዮች

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ወርክሾፑ ውስጥ የነበሩት አለቃው፣ ፕሮግራመሯና በያጇ መንታ እህቷ ናቸው። ጠረጴዛው ላይ ሃያ የኤሌክትሮኒክ የበር መቆለፊያዎች ተደርድረዋል፤ ሐሙስ በሆስፒታል የጨቅላ ሕፃናት ክፍሎች የሚገጠሙ።

እያንዳንዱ መቆለፊያ መጀመሪያ ሲበራ ማንም ሊገምተው የማይችል ቁጥር ለራሱ ያወጣል፤ የበሩ መክፈቻ ካርድ ምስጢር ያ ቁጥር ነው። አለቃው ማብሪያውን ተጫነ። ፕሮግራመሯ ቁጥሮቹን ስክሪኑ ላይ አነበበች። ሃያዎቹም አንድ ዓይነት ቁጥር አውጥተዋል። የአንዱ በር ካርድ ሁሉንም ይከፍታል ማለት ነው።

አለቃው ድምፁን ሳያነሳ፣ እስከ ነገ ካልተስተካከለ ውሉ እንደሚፈርስ፣ እሷም ሌላ ሥራ ብትፈልግ እንደሚሻላት ነግሯት ወጣ።

ጥፋቱ የራሷ እንደሆነ አላጣችውም። የመቆለፊያው ከርነል፣ ሌሎቹን ፕሮግራሞች ሁሉ የሚያዝዘው ማለት ነው፣ ቁጥሩን የሚያወጣው ካልታሰቡ ነገሮች ለቃቅሞ፣ በርሜል እንደሚሞላ አጠራቅሞ ነው፤ ከሰው ጣት አነካክ፣ ከኔትወርክ መልእክት አመጣጥ። በር ላይ የተሰቀለ መቆለፊያ ግን ገና ሲነቃ ማን ይነካዋል? ከባዶ በርሜል ቢቀዱ ምን ይወጣል? «በርሜሉ እስኪሞላ ቁጥር አትስጥ» የሚለውን ትእዛዝ ደግሞ፣ አለቃው መቆለፊያው ቶሎ ይንቃ ስላላት፣ በገዛ እጇ አውጥታዋለች።

ትእዛዙን መለሰችው። መቆለፊያዎቹ ግማሽ ሰዓት ሙሉ እንደ ድንጋይ ዝም አሉ።

በያጇ ከሥራዋ ቀና አለች። «ሃያውንም የበየድኩት እኔ ነኝ። ቁርጥ አንድ ናቸው። ምን የተለየ ነገር ትጠብቂያለሽ?»

«እኛስ ቁርጥ አንድ አይደለን?»

«ቆንጆዋ እኔ ነኝ» አለች በያጇ። ከዚያ ትንሽ አሰብ አድርጋ፣ «እማዬ እኮ ሳታየን፣ ደረጃ ስንወጣ ትለየናለች። በእርምጃችን። አንቺ እንኳ ዛሬና ትናንት እኩል አትረግጪም።»

ፕሮግራመሯ ወንበሯን ስባ መጻፍ ጀመረች። ከርነሉ እንደነቃ አንዲት ትንሽ ሥራ በሺዎች ጊዜ ይደጋግም፤ እያንዳንዷ የፈጀችውን ጊዜ ይለካ፤ ዓይን የማያያትን፣ ጆሮ የማይሰማትን የመዘግየትና የመፍጠን ልዩነት ጠብታ በጠብታ ያጠራቅም። በርሜሉ ሳይሞላ አንድም ቁጥር እንዳይሰጥ።

ረቡዕ ከምሳ በኋላ አበሯቸው። አንድ ሰከንድ ያህል ዝም አሉ። ከዚያ ሃያ ቁጥሮች ወጡ፤ አንዱ ሌላውን አይመስልም። አጥፍተው አበሯቸው፤ ሌላ ሃያ። መቶ ጊዜ አጠፉ፣ መቶ ጊዜ አበሩ። አንድም መቆለፊያ ሌላውን አልደገመም፤ የቀድሞ ራሱንም አልደገመም። በአንድ ልክ ተሠርቶ፣ በአንድ እጅ ተበይዶ፣ ለካ እያንዳንዱ የራሱ እርምጃ አለው። ፕሮግራመሯ እጇን ከማብሪያው ላይ ማንሳት አቃታት፤ ከፊቷ ያለው ነገር ትናንት ሳይሆን ዛሬ የተፈጠረ መሰላት።

በያጇ የብየዳ መሣሪያውን አስቀምጣ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እነዚህን እኔ ነኝ የሠራኋቸው?» አለች።

«አንቺው ነሽ።»

ሐሙስ ጠዋት መቆለፊያዎቹ በሕፃናቱ ክፍሎች በሮች ላይ ተገጠሙ። ቶሎ ይንቃ ያለው አለቃ ስለ አንዷ ሰከንድ መዘግየት ቅሬታ አላነሳም።