የሕዝብ የተባለው ዜማ

ሐሙስ አመሻሹ ላይ፣ የጭላሎ ብርድ አሰላ ላይ ወርዶ ሰዉ ሁሉ ጋቢውን ሲያጠብቅ፣ እኔ ጓዳዬ ገብቼ ከአንዲት ወረቀት ጋር ተፋጥጬ ነበር። ቀን ቀን የውኃ ቆጣሪ አንባቢ ነኝ፤ ከሥራ ስመለስ ግን «የጓዳ ራዲዮ» የምትባል የኢንተርኔት ጣቢያ አለችኝ። ጣቢያ ስላት ራሴንም ያስቀኛል። ያለኝ አንድ ኮምፒዩተር፣ አንድ ማይክሮፎን፣ አንድ የካሴት ማጫወቻና ግድግዳውን የሸፈኑ ካሴቶች ናቸው። ማስታወቂያ አልናገርባት፣ ትርፍ አላገኝባት፤ አድማጮቿም በደህና ቀን አርባ አንድ ናቸው። ባለቤቴ እልፍነሽ «ከአርባ አንዱ አንዷ እኔ ነኝ፣ ያውም ግድግዳው ድምፅ ስለሚያሳልፍ» ትላለች።

ወረቀቷ የመጣችው ከዜማ ባለመብቶች ማኅበር ነው። ሙዚቃ የሚያሰራጭ ሁሉ እስከ ነገ ቅጽ ሞልቶ ፈቃድ ካላወጣ ይዘጋል ትላለች። ልሙላው ብዬ እስክሪብቶ ባነሳ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ «የማሰራጫ ማማው ቁመት በሜትር» የሚል ሆነ። የእኔ ማማ የካሴት መደርደሪያው ነው። ሁለተኛው ጥያቄ የማስታወቂያ ክፍል ኃላፊዬን ስም ይጠይቃል፤ ክፍያውም ለትልልቅ ጣቢያዎች የተቆረጠው ነው። ዲላ ላይ እንደኔው ጣቢያ ያለው ወዳጄ ሙሉሸዋ ደወለና «ምን ያስጨንቅሃል ጌጡ? ዛሬ ዝጋና ነገ በሌላ ስም ክፈት። እኔም እንደዚያው ላደርግ ነው። እኛን ማን ይፈልገናል?» አለኝ። ነገሩ ቀላል ነበር፤ ልቤ ግን እሺ አላለኝም። ተናድጃለሁ፣ ደግሞም አፍሬያለሁ፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሚበልጥ መለየት አቃተኝ።

በዚህ ሐሳብ እንደተያዝኩ የዘወትሩን የመክፈቻ ዜማ አስጀመርኩ። አንዲት ሴት በክራር ብቻ ታጅባ የምታዜመው፣ ድልድይ ላይ ቆሞ ሰው ስለመጠበቅ የሚናገር ዘፈን ነው። ካሴቱን የገዛሁት አንድ አሮጌ ሙዚቃ ቤት ሲዘጋ ነው፤ ሽፋን የለውም። ሽፋን በሌለው ካሴት ሁሉ ላይ በአረንጓዴ እስክሪብቶ «ግጥምና ዜማ፦ የሕዝብ» ብዬ መጻፍ ልማዴ ነው፤ ይህንንም እንደዚያው እያልኩ ሁለት ዓመት ሙሉ በየምሽቱ አሰምቼዋለሁ። ጭንቅላቴን ወንበሩ ላይ ደገፍ አደረግኩ፤ ዓይኔም ሳላስበው ተከደነ።

በሕልሜም ራሴን በአንድ ሰፊ መንገድ መግቢያ ላይ አገኘሁት። ከፊቴ ዕድሜያቸው የገፋ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት ቆመዋል። በእጃቸው ካሴት ይዘው፣ የተዘረገፈውን ክር እስክሪብቶ ሰክተው እያዞሩ መልሰው ይጠቀልላሉ።

«እሜቴ፣ ይህ አገር የት ነው?» አልኳቸው።

«ሁለት ሰፈር ነው። መጀመሪያ የምታውቀውን ላሳይህ» አሉና ቀደሙ።

የገባንበት ሰፈር ዘፈን የሞላበት ነበር። ከየሱቁ፣ ከየታክሲው፣ ከየምሰሶው ዜማ ይፈስሳል፤ መንገደኛውም ትከሻውን እየነቀነቀ ያልፋል። ቤቶቹ ግን ጣሪያቸው ዘምሟል፤ መስኮታቸው በማዳበሪያ ከረጢት ተወትፏል። በአንዱ ደጅ ላይ አንድ አዛውንት ቁልፍ ይቀርጻሉ። ከአናታቸው ድምፅ ማጉያ የሚወጣውን ዜማ፣ መሞረዳቸውን ሳያቋርጡ ያንጎራጉራሉ፤ ዘፋኙ ስንኙ ላይ ከመድረሱ በፊት እሳቸው ቀድመው ይደርሳሉ።

«ይህን ያህል እንዴት አጠኑት?» ብዬ ጠየቅኩ።

«ምን ያጠኑታል፣ የደረሱት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ወዲህ ግን ሌላ አልደረሱም።»

«ስለምን?»

«የእርስዎ ነው ብሎ የመጣ ሰው ስለሌለ። እስቲ በሩን ተመልከት።»

በሩ ላይ የባለቤቱ ስም ሊጻፍ በሚገባው ቦታ «የሕዝብ» ተብሎ ተጽፏል። የጎረቤቱም በር እንዲሁ፣ የማዶውም እንዲሁ ነው። ጠጋ ብዬ ሳይ ጽሑፉ አረንጓዴ ነው፤ ፊደሎቹ የተንጋደዱ፣ በችኮላ የተጻፉ ናቸው። የገዛ እጄ ጽሕፈት ነበር። 

«ክፉ አስቤ አይደለም፣ እሜቴ» አልኩ። «ስሙን ባላውቅ ጊዜ፣ የሕዝብ ማለት ማክበር መስሎኝ ነው።»

«የሕዝብ የሆነ ዜማማ አለ። ፈልገህ ፈልገህ ባለቤቱን ስታጣ የሕዝብ ትለዋለህ። አንተ መቼ ፈለግህ?»

 ተከተልኳቸው፤ ድልድይም ተሻገርን።

ከድልድዩ ማዶ ያለው ሰፈር እምብዛም አይጮህም። አንድ ዜማ ሲጀምር መጀመሪያ ስም ይጠራል፤ ገጣሚው እገሌ፣ ዜማውን የደረሰችው እገሊት፣ ክራሩን የመታው እገሌ ይባላል፤ አላፊ አግዳሚውም የጎረቤቱን ስም ሲሰማ ቀና ይላል። ከቤቶቹ ውስጥ ገና ያላለቁ ዘፈኖች ይሰማሉ፤ አንዱ ጀምሮ ይተወዋል፣ ሌላዋ ከመካከሉ ታነሳዋለች። በሰፈሩ መካከል በሩ ወለል ብሎ የተከፈተ ቤት ቆሟል። የዜማ መዝገብ ቤት ነው አሉኝ። ወረፋው ላይ የትልቅ ሆቴል ባለቤቱም፣ የአገር አቀፍ ራዲዮ ኃላፊውም፣ ከመኝታ ቤቷ የምታሰራጭ ነርስም ተራቸውን ይጠብቃሉ። ነርሷ ስትደርስ ጸሐፊው ስለ ማማ አልጠየቃትም፤ ምን አሰማሽ፣ ስንት ሰው ሰማሽ፣ ማን ደረሰው ብቻ አላት። የከፈለችው አንድ ኪሎ ስኳር የማይገዛ ነበር።

«ይህችን የምታክል ገንዘብ ለማን ትደርሳለች?» አልኩ።

«ገንዘቧን ተዋት፣ ዝርዝሯን እይ። ትልልቆቹ ጣቢያዎች ያንኑ ጥቂት ስመ ጥር ሰው ይደጋግማሉ። ዝርዝር ከእነሱ ብቻ ከመጣ፣ የተሰበሰበው ሁሉ ወደነዚያው ይሄዳል። የተረሳውን የምታሰሙት እናንተ የጓዳ ሰዎች ናችሁ። ቁልፍ ቀራጩን የሚያገኛቸው የናንተ ዝርዝር ነው።»

ይህን ሰምቼ ጥያቄዬ በዛ። ዝርዝሩን በየቀኑ መጻፍ አይሰለችም ወይ ብላቸው፣ ያሰማኸውን ኮምፒዩተርህ ይመዘግብልሃል፣ ስም መጠየቁ ግን የሰው ሥራ ነው አሉኝ።

«ስሙ የጠፋውስ?»

«በሳምንት አንድ ቀን ጣቢያው ሁሉ ስም የሌለውን ዜማ ያሰማና የማን ነው ብሎ ይጠይቃል። እስኪታወቅ ድርሻው ይቀመጣል።»

«ጨርሶ ካልታወቀስ?»

«ያን ጊዜ በወጉ የሕዝብ ይሆናል።»

«ያንን የማማ ቅጽ ታዲያ ማን አስለወጠው?»

«እንዳንተ ያሉት ናቸው። ስም ቀይረው ቢደበቁ ኖሮ መኖራቸውን ማን ያውቅ ነበር? የሌላቸውን የለንም፣ ያላቸውን አለን እያሉ ጽፈው መለሱ፤ እስኪሰለቻቸውም መላለሱት።»

«እርስዎስ ማን ነዎት?» አልኩ በመጨረሻ።

ሴትዮዋ ካሴቱን ጠቅልለው ጨርሰው በእጄ አኖሩት። አረንጓዴው ጽሕፈቴ ላዩ ላይ ነበር። «እሱንማ የሚያውቁትን ጠይቅ» አሉኝ።

«ጌጡ!» አለችኝ እልፍነሽ፣ ማማሰያዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ። «ራዲዮህ ዝም ካለ ቆየ እኮ፤ ሰው ሞተ ወይ ብዬ ወጡን ጥዬ መጣሁ።»

ካሴቱ አልቆ ነበር። ኮምፒዩተሩን ባይ ሠላሳ ስምንት ሰው ዝምታዬን እያደመጠ ይጠብቀኛል። ማይክሮፎኑን ከፈትኩና ያየሁትን አንድ ሳላስቀር ተረክሁ፤ ስለ በሮቹም፣ ስለ እጅ ጽሕፈቴም ተናገርኩ። «የመክፈቻችን ዜማ የማን እንደሆነ አላውቅም፣ ፈልጌም አላውቅም። ሁለት ዓመት ሙሉ የሕዝብ ነው ያልኳችሁ በስንፍናዬ ነው። የምታውቁ ንገሩኝ» አልኩና ካሴቱን ወደ መጀመሪያው አጠንጥኜ አስጀመርኩት።

ዜማው እየሄደ ቅጹን ሳብኩ። በማማው ቁመት ቦታ «ማማ የለንም፣ አርባ አንድ አድማጭ አለን» ብዬ ጻፍኩ። ከጀርባው የማሰማቸውን ዘፈኖች መዘርዘር ጀመርኩ፤ የመጀመሪያውን መስመር ባዶ ተውኩት። ለሙሉሸዋም «ስምህን አትቀይር። ያየሁትን ነገ ደውዬ እነግርሃለሁ፤ አንተም ለሌሎቹ ትነግራለህ» ብዬ መልእክት ላክሁ። ብንዘጋም በስማችን እንዘጋለን ብዬ ቆረጥኩ።

ዘፈኑ ሳያልቅ አንድ መልእክት መጣ። ዘውገ ከሚባል፣ ሻሸመኔ ዳቦ ቤት ከሚሠራ የቆየ አድማጫችን ነው። «ጋሽ ጌጡ፣ ግጥሙም ዜማውም የእናቴ ነው። ስሟ አስካለ ቢተው ይባላል። ማታ ማታ አብረን ነው የምንሰማህ። የሕዝብ ነው ስትል ልደውል እላለሁ፣ እሷ ተወው ትለኛለች። ዛሬ የማን ነው ብለህ ስትጠይቅ ግን ተነሥታ ነጠላዋን አጣፋች።»

 እልፍነሽ ከትከሻዬ በላይ አንብባ እስክሪብቶውን አቀበለችኝ። ባዶውን መስመር ሞላሁ፤ ካሴቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሰረዝኩ፤ ከዚያም ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ ብዬ «ግጥምና ዜማ፣ ወይዘሮ አስካለ ቢተው» አልኩ።

ዘውገ ወዲያው ጻፈ። «ደግመህ በለው ትላለች።»

ደግሜ አልኩት።