የባልየው አንቀጽ

ባሌ ከሞተ በኋላ አሥራ አራት ጊዜ ጽፏል። ባለፈው በዓል ዋዜማ ሰሞን አሥራ አምስተኛውን እንዲጽፍልኝ እየጠበቅኩት ነበር። እሱ ግን እንቢ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስለ መጽሐፍ የምጽፍበት ብሎግ አለኝ፤ ዘጠኝ ዓመቱን ይዟል። ስሜን አልጽፍበትም፣ ፎቶዬንም አላወጣም። አንድ መጽሐፍ አንብቤ የመሰለኝን እላለሁ፤ ከጽሑፌ ግርጌ መስመር ይሰመርና ከሥሩ የባሌ አንቀጽ ይገባል። ባሌ መሬት ቀያሽ ነበር። ልብ ወለድ እንኳ የሚያነበው እርሳስ ይዞ፣ ኅዳጉ ላይ ምልክት እያደረገ ነው። ብሎጉን በጀመርኩ ሰሞን አንድ ቀን ከኋላዬ ቆሞ ጽሑፌን አነበበና፣ "ይህ ሁሉ ለዚህ መጽሐፍ ነው? ለእኔ ሦስት መስመር ይበቃኛል" አለ።

"ጻፋ!" አልኩት።

ጻፈ። "ደራሲው ዝናብ ይወዳል። ገጽ ሠላሳ ላይ ጃንጥላ ፈለግኩ፤ ገጽ ስልሳ ላይ ጀልባ።"

አንባቢዎች "ባልየው" የሚል ስም አወጡለት። እውነቱን ለመናገር ብዙዎቹ ገጹን ሲከፍቱ እኔን ዘለው መጀመሪያ የሚያነቡት እሱን ነበር። አልተቀየምኩም። እኔም የማደርገው እንደዚያው ነው።

ከሁሉም የሚጠብቁት አንድ ሰው ነበሩ። ስማቸውን "ጡረተኛው ዳኛ" ብለው ነው የሚጽፉት። ባልየው አንድ ነገር ባለ ቁጥር ከሥሩ የሙግት ያህል ረጅም መልስ ይጽፋሉ። ባሌም "ክቡርነትዎ መጽሐፉን ያነበቡት ችሎት ላይ እያንቀላፉ ነው" ይላቸዋል። ሰውየው ይበግናሉ፤ በማግስቱ ተመልሰው ይመጣሉ። ሰባት ዓመት እንዲህ ሆኑ፤ በአካል ግን አንድ ቀን አልተያዩም።

በየዓመቱ የበዓል ዋዜማ ደግሞ "የዓመቱ ጠብ" የሚል ጽሑፍ እናወጣለን። በዓመቱ ውስጥ እኔና እሱ ከሁሉ የባሰ የተጣላንበት መጽሐፍ ተመርጦ ሁለታችንም መከራከሪያችንን እንጽፋለን፤ አንባቢ ይፈርዳል። የተሸነፈ የበዓሉን ሳህን ያጥባል። በዓል ሰው የሚሰበሰብበት ነውና ሳህኑ ቀላል አይደለም። ከስምንቱ ዓመት ስድስቱን ያጠብኩት እኔ ነኝ።

ባሌ የሞተው ከአሥራ አራት ወር በፊት ነው። ስለዚያ ቀን አልጽፍም።

በሞተ በሳምንቱ፣ እሱ እያለ አዘጋጅተን የሚወጣበትን ቀንና ሰዓት የሞላንለት ጽሑፍ በሰዓቱ ራሱን ችሎ ወጣ። አላስታወስኩትም ነበር። ስከፍተው ሰዎች በባልየው አንቀጽ እየሳቁ ነው። አንዷ "ይህን ሰው እግዜር ያቆይልሽ" ብላለች። መልስ ለመጻፍ ጣቴን ዘረጋሁ፣ ሰበሰብኩት።

የምሠራው ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው፤ አዲስ የሚገቡ መጻሕፍትን መዝግቤ ቁጥር እሰጣለሁ። ወደ ሥራ ስመለስ ክፍሉ ውስጥ ስገባ ሰው ድምፁን እንደ ሬዲዮ ይቀንስ ጀመር። ፎቶ ኮፒ የምታነሳው ልጅ የማሽኑን ክዳን እንኳ ቀስ አድርጋ ትዘጋለች። እህቴ ከሌላ ከተማ በየቀኑ እየደወለች "በላሽ?" ትለኛለች። ድምፁን የማይቀንስልኝ ቦታ አንድ ብቻ ቀረ፤ ብሎጉ። እዚያ ባለ ባል ነበርኩ። እንዴት ብዬ ልዝጋው?

ስለዚህ ቀጠልኩ፤ በወር አንድ ጊዜ ብቻ። መጀመሪያ ያነበባቸውን መጻሕፍት እየገለጥኩ ከኅዳጉ የእርሳስ ጽሑፍ ለቀምኩ። ሰባት አንቀጽ ወጣ፤ ያለፈው ዓመት ጠብም ከእነዚያው አንዱ ነበር። ለሰው የማይነበብ ስድብ ያለበትን ትቼ ነው ታዲያ። ከዚያ እርሳሱ አለቀ። የቀሩትን ስድስቱን ጻፍኩለት። ከስድስቱ በመጀመሪያው ላይ፣ "ሚስቴ እንዳለችው ጥሩ መጽሐፍ ነው፤ ክቡር ዳኛም ባለፈው ያሉት እውነታቸውን ነው" አልኩ። በደንብ የጻፍኩለት መስሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጡረተኛው ዳኛ ድምፃቸው ጠፋ። አርጅተው ይሆናል ብዬ ተውኩት።

በዓሉ ሲቃረብ ግን አንባቢዎች መጠየቅ ጀመሩ። "ጠቡ የት ደረሰ?" "ባልየው ዘንድሮ ለስልሶብናል፣ ምን ብታበዪው ነው?" ስለ አንድ መርከበኛ የሚተርክ ወፍራም ልብ ወለድ መረጥኩና ተቀመጥኩ። እኔ መጨረሻው ተቻኩሏል አልኩ። እሱን "አልተቻኮለም" አስባልኩት። ከዚያ አልፎ አልሄደም። አንድ እጅ አያጨበጭብም፤ ለካ አንድ አፍም አይጣላም። ሦስት ቀን ታግዬ በግድ አንድ ገጽ ሞላሁ።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ያለፈውን ዓመት ቅጽ ከነርዕሱ እንደገና ከፍቼ ሌላ ጻፍኩ። በአንድ ትንፋሽ ነው የጻፍኩት። "ባልየው ሞቷል። ከሞተ አሥራ አራት ወሩ ነው። መጀመሪያ ያነበባችሁት የራሱ ነበር፣ ቀጥሎ ያሉት ከኅዳግ የለቀምኳቸው ናቸው፣ የመጨረሻዎቹ ስድስት የእኔ ውሸት ናቸው። ያደረግኩት ላታልላችሁ አይደለም። እሱን በኃላፊ ጊዜ የማታወሩት እናንተ ብቻ ስለነበራችሁ ነው።" ሌላም ጥቂት ነበረው። ለሰው ላሳየው አልነበረም። አስቀመጥኩትና ተኛሁ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ደህና እንቅልፍ።

በዋዜማው ማለዳ ወደ እህቴ ለመሄድ ሻንጣዬን ይዤ በር ላይ ስደርስ ለጽሑፉ የሚወጣበትን ሰዓት እንዳልሞላሁለት ትዝ አለኝ። ታክሲው ውጭ ቆሞ ጥሩንባውን ይነፋል። ጫማዬን ሳላወልቅ ላፕቶፑን ከፈትኩ፣ "የዓመቱ ጠብ" የሚለውን ነካሁ፣ አራት ሰዓት ብዬ ሞላሁ፣ ዘግቼ ወጣሁ።

ሁለቱም ረቂቆች "የዓመቱ ጠብ" እንደሚሉ ልብ አላልኩም።

እህቴ ቤት ስደርስ ቤቱ ተገልብጦ ነበር። ፍራሾቹ በረንዳ ላይ ተሰጥተዋል፣ መጋረጃው ወርዷል፣ የእህቴ ባል መሰላል ላይ ወጥቶ የሳሎኑን አምፖል ይቀይራል። ጥርስ ሐኪም ነው፤ እንደ ልማዱ አፉን ከፍቶ ነው የሚሠራው።

"እትዬ፣ እንኳን ደህና መጣሽ!" አለኝ ከላይ ሆኖ። "ይህችን እህትሽን አንድ በይልኝ። አምፖሉ ጥቁር ነጥብ አለው ብላ አስወጣችኝ።"

"ጥርስ ላይ ሲሆን ታያለህ፣ አምፖል ላይ ሲሆን አይታይህም" አለች እህቴ ከወጥ ቤት።

ሻንጣዬን አስቀምጬ ገባሁ። ትኩር ብላ አየችኝ፤ ከስቼ እንደሆነ ልትለካ ነው። ሽንኩርትና ቢላ ሰጠችኝ። ከሞቱ ወዲህ እዚህ ቤት ስሙ አይነሳም። አንዴ ልታነሳ ስትል ከክፍሉ ወጥቼባታለሁ፤ ከዚያ ወዲህ አልሞከረችም።

አራት ሰዓት ላይ መስኮቱ ጫፍ ያስቀመጥኩት ስልክ "ጢን" አለ። ደገመ። ከዚያ እንደ በረዶ ዝናብ ያከታትለው ጀመር።

"ፍቅረኛ ያዝሽ እንዴ?" አለች እህቴ።

"አንባቢዎች ናቸው። በሽንኩርት እጄ አልነካውም፣ እስቲ እይልኝ።"

አነሳችው። ስታነብ ፊቷን አየሁት። መጀመሪያ ፈገግ ያለ ነበር። ቀጥሎ ባዶ ሆነ። ከዚያ ድምፅዋን አውጥታ፣ "'ባልየው ሞቷል'" ብላ አነበበች።

ቢላውን አስቀመጥኩ። እንዴት እንደነጠቅኳት አላውቅም፤ ስክሪኑ ላይ የሽንኩርት ውሃ ቀርቷል። እሱው ነበር፣ ለሰው የማላሳየው። ስብርብር ያለው ነገሬ ሁሉ በአደባባይ ተሰጥቷል፣ እንደዚያ በረንዳ ላይ እንዳለው ፍራሽ። መጥቶ የሚያለቅስልኝ ሰው ሁሉ በዓይኔ ሄደ። የሚሰድበኝም። እዚያም ድምፅ ሊቀነስልኝ ነው።

"ላጥፋው" አልኩ። "አሁን ቶሎ ካጠፋሁት ብዙ ሰው ሳያየው…"

የይለፍ ቃሉ ሁለቴ ተሳሳተብኝ። ሦስተኛ ላይ ገባ።

እህቴ አልተንቀሳቀሰችም። "እኛ ቤት ስሙን እንዳንጠራ ፊትሽን ታጠቁሪያለሽ" አለች ቀስ ብላ። "ሞቱን እንደ ሰረቅንሽ ነው የምታዪን። እዚያ ግን ከማታውቂው ሰው ጋር በየወሩ ስለ እሱ ስታወሪ ነበር?"

"ስለ እሱ አይደለም። ከእሱ ጋር ነው።"

"ክፉ ነሽ" አለችኝ። ዓይኗ ሞልቶ ነበር። "ለእኔም እኮ እንደ ወንድሜ ነበር።"

ስልኩ "ይሰረዝ?" ብሎ ይጠይቀኛል፤ ከሥሩ "አዎ" እና "አይ"። ጣቴን "አዎ" ላይ አንጠለጠልኩ። እህቴ እጄን ያዘች።

"ማጥፋቱን አታጪም። መጀመሪያ የጻፉልሽን አንብቢ። ሰዉ የበዓል ሥራውን ትቶ ነው የጻፈልሽ።"

"አይ" ብዬ ተመለስኩና ወደ ታች ወረድኩ። መጀመሪያ የተቀመጠው አስተያየት ረጅም ነበር። ስሙን አየሁት፤ ጡረተኛው ዳኛ ነበሩ። እህቴ በትከሻዬ ላይ አንገቷን አስግጋ አብራኝ አነበበች።

"እመቤቴ ሆይ፣ ከስድስት ወር በፊት ባልየው 'ክቡር ዳኛ እውነታቸውን ነው' ብሎ ጻፈ። ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ባልየው እንዲህ ያለ ጨዋ ሰው አልነበረም። ያን ዕለት መነጽሬን አውልቄ ለባለቤቴ 'ያ ተሳዳቢ ሞቷል' አልኳት። 'በምን አወቅህ?' አለችኝ። 'ከእኔ ጋር ተስማማ' አልኳት። ከዚያ ወዲህ ዝም ያልኩት ለማን እንደምመልስ ስላላወቅኩ ነው። እርስዎ ሳይናገሩ ደግሞ መናገር የእኔ ፋንታ አልነበረም። እኛ ቤት አዝነንለታል፤ ለስድስት ወር፣ በስውር።

"የዓመቱን ጠብ በሚመለከት፦ ክርክሩ ባልየው በሌለበት ታይቷል። ሚስት ባሏን ከነበረው በላይ ጨዋ አድርጋ በማቅረቧ ጥፋተኛ ሆና ስለተገኘች የበዓሉን ሳህን እንድታጥብ ተወስኗል። ይግባኝ የለም።

"አንድ ልመና አለኝ። በእርሳስ ከጻፈው ውስጥ እኔን የሚነካ የቀረ ካለ ይላኩልኝ። ስድብ ቢሆንም። በተለይ ስድብ ከሆነ።"

ከእሳቸው በታች ሌሎች ነበሩ፤ ስለ እሱ የሚያስታውሱትን አንቀጽ ገልብጠው የላኩ፣ ዝም ብለው ስለ ጃንጥላውና ስለ ጀልባው የጻፉ። አንዷ አስተማሪ በሦስተኛው መስመር አንድ ቃል ሁለት ጊዜ መጻፉን ጠቁማኛለች። ድምፁን የቀነሰ አላገኘሁም።

መሳቅ የጀመርኩት "ከእኔ ጋር ተስማማ" የሚለው ላይ ስመለስ ነው። እህቴ መጀመሪያ ደነገጠች፣ ቀጥላ አብራኝ ሳቀች። ሽንኩርቱ ነው አልን ሁለታችንም፣ ዓይናችንን እየጠረግን። የእህቴ ባል ከመሰላሉ ወርዶ አምፖሉን እንደ ያዘ በሩ ላይ ቆመ።

"ምን ተገኘ?"

"እትዬ ባሏን ጨዋ አድርጋ ተያዘች" አለችው እህቴ።

"እሱን? ጨዋ?" አለ። "ሠርጋችን ቀን ከረባቴን 'ይህን ነገር ሐኪም አይቶታል?' ያለኝን ሰውዬ?"

ይህን ከሞተ ወዲህ ሊነግረኝ ሲጠብቅ እንደኖረ አነጋገሩ ያስታውቅ ነበር። "ሌላስ ምን አለህ?" አልኩት። በሩን ተደግፎ ቀጠለ። ከክፍሉ አልወጣሁም።

ለዳኛው የምልከው ነበረኝ። ባለፈው ስለቅም ለሰው አይነበብም ብዬ የተውኩት፤ ስለ አንድ የፍርድ ቤት ልብ ወለድ፣ ገጽ መቶ አርባ፣ ኅዳጉ ላይ። በቃሌ ይዤዋለሁ። ከጽሑፉ ግርጌ መስመር አሰመርኩና ከሥሩ እንዳለ ጻፍኩት።

"እዚህ ገጽ ላይ ዳኛው ያለቅሳል። የእኛም ዳኛ ይህን ሲያነብ ያለቅሳል። ምስኪን ሽማግሌ። ሲያለቅስ ባየው ደስ ይለኝ ነበር፤ ከዚያ ሻይ እጋብዘው ነበር።"

አሥራ አምስተኛው ይህ ነው። አንዲት ፊደል አልነካሁበትም።

በማግስቱ ሰዉ በልቶ ሳሎን ሲቀመጥ እጅጌዬን ሰብስቤ የእቃ ማጠቢያው ፊት ቆምኩ። ሳህኑ እስከ ቧንቧው ተቆልሏል። እህቴ ፎጣ ይዛ መጣችና ልትገፋኝ ሞከረች።

"ዞር በይ፣ እንግዳ ሳህን አያጥብም።"

"ተፈርዶብኛል" አልኳት።

ፎጣውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ አጠገቤ ቆመች፤ እኔ ሳጥብ እሷ ታደርቃለች።

"እሺ" አለች። "ስለ ዝናቡ ምን ነበር ያለው?"