ጎሉ ሳይገባ

እሑድ፣ ምሳ ተበልቶ ሳህኑ ሲነሳሳ፣ አባባ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ኮታቸውን ቆለፉ፣ ኮፍያቸውን አስተካከሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉና እንዲህ ሲሉ አስታወቁ፦

«በዚህ ቤት የምትገኙ ሁሉ እንድታውቁት! የሪሞቱን ባትሪ ዛሬ ረፋድ ላይ፣ በገዛ እጄ፣ ቀይሬዋለሁ።»

አልተጨበጨበም። እማማ ሳህኖቹን ደራርበው ወደ ኩሽና ገቡ፤ ልጃቸው የጠረጴዛ ልብሱን በበሩ አራገፈች። አባባ ሠላሳ አንድ ዓመት ችሎት በር ላይ ቆመው የባለጉዳይ ስም ሲጠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ጡረታ ከወጡም በኋላ «ጨው አቀብሉኝ» ሲሉ እንኳ ከሳሽና ተከሳሽ ተያይዘው የሚነሱ ይመስላል። የቤቱ ሰው አዋጅ ለምዷል።

ያልለመደው አማቻቸው ብቻ ነው። ሥራው ሬዲዮና ቴሌቪዥን መጠገን ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ «ጠጋኙ» ይለዋል፣ ሚስቱም ስትቆጣ እንደዚያው ትለዋለች።

«ሪሞት በየሳምንቱ ባትሪ አይበላም» አለ ጠጋኙ፣ አባባን ፈገግ ብሎ እያየ። «ዐሥራ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ፣ እንዲህ ያለ ሆዳም ሪሞት ግን አላየሁም።»

አባባም መልሰው ፈገግ አሉለት።

በዚህ ቤት ሁለት ዓይነት ድምፅ አለ። አንደኛው ለአባባ የሚነገርበት ነው፤ ሦስት ክፍል አቋርጦ ይሰማል። ሁለተኛው ስለ አባባ የሚነገርበት ነው፤ እዚያው ፊታቸው ተቀምጦ፣ ፊት ፈካ ተደርጎ፣ እንደ ተራ ወግ ይወራል። የአባባ ጆሮ ከደከመ አምስት ዓመት ሆኖታል። ሐኪም ቤት እንሂድ ሲባሉ «የኔ ጆሮ ደህና ነው፤ እናንተ ናችሁ የምታንሾካሹኩት» ብለው ጉዳዩን ይዘጋሉ። የቤቱ ሰዎች ደግሞ ማንሾካሾክ ምን ያደርግልናል ብለው ጭራሽ ተዉት። ስለ ማንኮራፋታቸው፣ አንድን ታሪክ አራት ጊዜ ስለማውራታቸው፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ቤት ውስጥ እንኳ ስለማያወልቋት ኮፍያ፣ ሁሉንም ፊት ለፊታቸው ያወራሉ።

በዚህ በሁለተኛው ድምፅ ደጋግሞ የሚነሳው ጉዳይ ግን የፊት ክፍሉ ነው።

የፊት ክፍሉ ወደ መንገድ የሚከፈት በር አለው፤ ለሱቅ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። ውስጡ እስከ ጣሪያው ድረስ በገመድ የታሰረ አሮጌ ጋዜጣ ሞልቶታል። ጠጋኙ የሚሠራው ከኩሽናው ጀርባ፣ ልብስ በሚሰጣበት ገመድ ሥር ነው። ደንበኛ ቴሌቪዥኑን ታቅፎ፣ የሰው እርጥብ ሱሪ ፊቱን እየጠረገው መምጣት አለበት። ተጠግነው የሚወሰዱት የሚያድሩት አልጋ ሥር ነው። ዝናቡ ደግሞ እየመጣ ነው፤ ያን ጊዜ ወይ የፊት ክፍሉን ያገኛል፣ ወይ መሣሪያውን ጠቅልሎ የቀድሞ አሠሪው ዘንድ «ይቅርታ» ብሎ ይገባል። የቀድሞ አሠሪው ደግሞ ይቅርታ የሚወድ ሰው ነው፤ በየቀኑ ካልተባለለት አይጠግብም።

«ጠይቃቸው እንጂ» ትለዋለች ሚስቱ።

«ቀዮቹ ያሸነፉ ቀን።»

«ባለፈው ሳምንት አሸንፈው የለ?»

«ያ በፍጹም ቅጣት ምት ነው፤ ፊታቸው በደንብ አልፈታም።»

እዚህ ላይ ሌላ ነውር አለ። ጠጋኙ ልጅቷን ሊጠይቅ የመጣ ዕለት አባባ «የማን ደጋፊ ነህ?» ብለውት ነበር። ቀና ሲል ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ቀይ ስካርፍ አየ። «የቀዮቹ» አለ። ከተወለደ ጀምሮ ግን የሰማያዊዎቹ ነው። ይኸው ሦስት ዓመት በየእሑዱ ቀይ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጠላቱ ጎል ሲያገባ እየዘለለ፣ ጉልበቱን አመመው። ሚስቱ ታውቃለች፤ እሷም ብትሆን በልቧ ሰማያዊ ናት። እማማን በተመለከተ፣ ኳስ አይገባኝም ይላሉ። ሶፋው ጥግ ቁጭ ብለው ካልሲ ይሰፋሉ፤ ውድድሩ ሲጀመር የያዟት ካልሲ ነች፣ ዛሬም እሷው ነች።

ኳስ ማየት በአባባ ቤት ሕግ አለው። በቴሌቪዥኑ ፊት ማንም አያልፍም። ማለፍ ግድ የሆነበት ቀጥ ብሎ ይለፍ፤ ጎንበስ ብሎ የሚያልፍ ሰው ትሑት ይመስላል እንጂ እጥፍ ጊዜ ነው የሚጋርደው። ከሰማኒያኛው ደቂቃ በኋላ «ማን ከማን ነው?» ብሎ የጠየቀ ከክፍሉ ይወጣል። ከረሜላ የሚልጥ በአንዴ ይላጥ፤ ቀስ እያሉ ማንኮሻኮሽ ጨዋነት ሳይሆን ሰው ማሰቃየት ነው። ይቺ የከረሜላዋ ሕግ ሁለት ወሯ ናት።

ጠጋኙ በነገሩ ይስማማል፤ የራሱንም ይጨምራል። ኳሷ መረብ ጋ ስትደርስ ከተመልካቹ መሐል አይስክሬም የሚበላ ሰውዬ የሚያሳየውን ካሜራ ማን ነው የቀጠረው? ደግሞስ ያ ተጫዋች፣ ትከሻውን ነካ ሲያደርጉት ቤቱ እንደ ተቃጠለበት ሰው መሬት ላይ ተንከባልሎ፣ ውኃ ሲረጩት ተነስቶ የሚሮጠው፣ ምነው ያ ውኃ ለኛ ወገብ አይሸጥም?

እንዲህ እየተባለ፣ እየተበሳጨ፣ በሰላም ይታይ ነበር። የዛሬ ሁለት ወር ግን አንድ ነገር ሆነ።

አባባ በመጀመሪያ ወንበራቸውን ከሶፋው አጠገብ አንስተው መስኮቱ ሥር አኖሩ። «ለአየሩ» አሉ። ቀጥለው፣ ሰፈር ሲረብሽ የኖረውን የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀንሱት አሉ። እማማ መርፌያቸውን ያዝ አድርገው አዩዋቸው። «ጩኸቱ ዐይኔን ያደክመኛል» አሉ አባባ። ሠላሳ አራተኛው ደቂቃ ላይ ደግሞ፣ ኳሷ ገና መሐል ሜዳ ሳለች፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው፣ በችሎት ድምፅ፣

«ገባ» አሉ።

«በቃ፣ ጀመራቸው» አለ ጠጋኙ በሁለተኛው ድምፅ። ሚስቱ ሳቋን በትራስ አፈነች።

አንዱ ለሌላው አቀበለ። ያኛው አሻገረ። አንድ ረጅም ልጅ ዘለለ። ገባ።

ጠጋኙ ክው አለ። መዝለል ሁሉ ረሳ።

አጋጣሚ ነው ተባለ። በሚቀጥለው እሑድ ዳኛው ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠ፤ መቺው ገና ኳሷን እያስተካከለ አባባ «ሳተ» አሉ። ሳተ። በሦስተኛው እሑድ «ቀይ ካርድ» አሉ፤ ዳኛው ያን ጊዜ ኪሱን እንኳ አልነካም። ትንሽ ቆይቶ ነካ። እማማ ካልሲያቸው ውስጥ ጣታቸውን ወጉ።

«አባባ! እንዴት ነው የሚያውቁት?» ብላ ጮኸች ልጃቸው፣ በአንደኛው ድምፅ።

«ልምድ ነው፣ ልጄ። የሰው ፊት አይቶ ፍርዱን ማወቅ።»

ጠጋኙ እንቅልፍ አጣ። እሱ በሽቦና በብየዳ የሚያምን ሰው ነው። ባለፈው ጊዜ እንኳ ዓመት ሙሉ ትንፍሽ ሳይል የከረመውን የአጥር ጎረቤታቸውን የልብስ ሰፊውን ሬዲዮ አናግሮታል፤ ያን ያህል ሙያ አለው። እንዲህ ያለ ነገር ግን በየትኛውም መሣሪያ ውስጥ አላየም። አንድ ጠዋት አባባ ባትሪ ሊገዙ ሲወጡ የቴሌቪዥኑን ጀርባ ፈታ። ከአቧራና ከሚስቱ የጠፋ የጆሮ ጌጥ በቀር ምንም አላገኘም። መልሶ ሲያስር አንዲት ብሎን ተረፈችው። ኪሱ ከተታት። መስኮቱ ሥር ወለሉን ሲጠርግም የምስር ፍሬ የምታህል ክብ ባትሪ አገኘ፤ የደንበኛ ሰዓት የጣለው ነው ብሎ እሷንም ኪሱ ከተታት።

እነሆ እንግዲህ ዛሬ። የሪሞቱ ባትሪ የተቀየረበት እሑድ የዋንጫው ቀን ነው፤ ቀዮቹና ሰማያዊዎቹ፣ ያሸነፈ ይወስዳል። ጠጋኙ ቀይ ሸሚዙን ቆልፎ ተቀመጠ። ልቡ ሰማያዊ፣ ሆዱ ቀይ ሆኖ ተጨነቀ። ቀዮቹ ካሸነፉ ዛሬውኑ ክፍሉን ይጠይቃል።

ቀዮቹ አገቡ፤ አባባ ቀድመው ተናገሩ። ሰማያዊዎቹ መለሱ፤ አባባ ያንንም ቀድመው ተናገሩ፣ ግን እንደ ሐዘን መርዶ ዝቅ ባለ ድምፅ። አንድ ለአንድ። ሰማኒያ ሦስተኛው ደቂቃ።

ቴሌቪዥኑ ድርግም ብሎ ጠፋ።

ከዚያ ጠጋኙ ተወርውሮ ሄዶ ሶኬቱን ነካካ፣ ጀርባውን ዳሰሰ፣ በመጨረሻም የሙያውን ትልቁን ምስጢር ተጠቀመ፦ በመዳፉ ጠፈጠፈው። ምንም የለም። ብሎኗ ኪሱ ውስጥ ጭኑን ወጋችው።

አባባ አልተነቃነቁም። ጥቁሩን መስታወት ትክ ብለው ያያሉ።

«እንኳን ጠፋ!» አለ ጠጋኙ ወደ ሶፋው ተመልሶ፣ ለአባባ ጀርባ ፈገግ እያለ። «ቀዮቹ ቢሸነፉ ክፍሉ ቀረ፤ ቢያሸንፉ እኔ ልታመም ነው። ያን አሮጌ ጋዜጣ ታቅፈው ይኑሩበት።»

«ዝም በል አንተ!» አሉ እማማ። «የኛዎቹ ኮርነር አግኝተው ነበር እኮ። ቁጥር ሰባት ነው የሚመታው፣ ግራ እግሩ ነው።»

ጠጋኙና ሚስቱ እማማን አዲስ እንደ ገባ ሰው አዩዋቸው። «የኛዎቹ»? ቁጥር ሰባት? ግራ እግር?

አባባ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ።

«ገባ» አሉ።

ቴሌቪዥኑ ጥቁር ነው። ክፍሉ ጸጥ ብሏል።

«ለማን?» አሉ እማማ። ድምፅ እንኳ አልነበረም፤ ለራሳቸው ትንፋሽ ብቻ ነው።

አባባ ሳይዞሩ፣

«ለእናንተ» አሉ።

«እሰይ!» የሚል ቃል ከእማማ አፍ አመለጠ፤ ወዲያው አፋቸውን በካልሲዋ ያዙ። ግን ረፍዷል። ጠጋኙ እጁ አየር ላይ ቀርቷል። ደስ ይበለው ወይ ይፍራ አላወቀም። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ነበር አንድ ነገር የሰሙት፤ በመስኮቱ በኩል፣ ከአጥሩ ማዶ፣ ከስፌት መኪና ድምፅ ጋር ተቀላቅሎ፣ የሚጮህ የሬዲዮ ሰው፦ «…ሁለት ለአንድ! ሰማያዊዎቹ! በግራ እግሩ!»

ጠጋኙ ያንን ሬዲዮ ያውቀዋል። በገዛ እጁ ነው የበየደው። ሬዲዮ ከቴሌቪዥን ቀድሞ እንደሚናገር ለስንቱ ደንበኛ አስረድቷል፤ ክፍያ ሳይጠይቅ።

አባባ ኮፍያቸውን አወለቁ። ከጆሯቸው ጀርባ ባቄላ የምታህል ነገር ተለጥፋለች።

«ይቺን መስሚያ ካደረግሁ ሁለት ወር ሆነኝ» አሉ። «ሐኪሙ ጥሩ ሰው ነው። ስለ ማንኮራፋቴ የተባለውን ሰምቻለሁ። ስለ ኮፍያዬ የተባለውን ሰምቻለሁ። ሆዳም ስለተባለው ሪሞትም ሰምቻለሁ፤ አንዱም ባትሪ ለሪሞቱ አልነበረም።» ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። «አርባ ዓመት ግን፣ አንቺ ሴትዮ? አርባ ዓመት ሰማያዊ?»

እማማ ካልሲዋን አገላብጠው አዩ። «ጠይቀኸኝ አታውቅም» አሉ።

አባባ ይህን መዝነው ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጥለው ጠጋኙን አዩት። ጠጋኙ የቀይ ሸሚዙን የአንገት ቁልፍ ፈታ።

«የፊት ክፍሉን ጉዳይ ለልጄ ዘጠኝ ጊዜ አቅርበሃል» አሉ። «ለእናቷ ሦስት ጊዜ። ዛሬ ደግሞ ለጀርባዬ። ለእኔ ግን እስካሁን የቀረበ ነገር የለም።»

ይህን ብለው ባቄላዋን ከጆሯቸው አወጡና ከሪሞቱ አጠገብ ቀስ አድርገው አስቀመጧት። ኮታቸውን ቆለፉ፤ አንድ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ አስገቡ። የበር ቁልፍ ሲንቃጨል ተሰማ።

«ባለጉዳይ ይቅረብ!»

ጠጋኙ ተነሳ። ሚስቱን አየ፤ እሷ መሬት መሬት ታያለች። ሁለተኛው ድምፅ ከእንግዲህ አያገለግልም፤ አንደኛው ብቻ ቀርቷል። ደረቱን በአየር ሞላው።

«አባባ! የፊት ክፍሉን! ለሥራ! ይስጡኝ! ሰማያዊ ነኝ!»

መስታወቱ ነዘረ። ከአጥሩ ማዶ የስፌት መኪናው ቆመ። ወዲያው፣ የዋንጫው ጨዋታ ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው፣ ልብስ ሰፊው መልሱን ሊሰማ ሬዲዮውን ዘጋ።